የተበላ ኬክ አይመለስም

ሰኞ ጠዋት ነው። በሩን ከፍቼ ገና መጥረጊያ ሳነሳ አንድ ሰውዬ ካርቶን በሁለት እጁ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ገባ። ካርቶኑን አውቀዋለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሪባን አስሬ ያስረከብኩት እኔው ነኝ። «እንደምን አደራችሁ» የለ፣ «ሥራ እንዴት ነው» የለ፤ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ክዳኑን ገለጠው። ቅዳሜ 3 ኪሎ የነበረው ኬክ አንድ ጥግ ላይ ኩርምት ብሎ፣ «መልካም ልደት» ከሚለው ጽሑፍ «ደት» ብቻ ቀርቶለት ያየኛል።

«ገንዘቤን» አለኝ።

«ምነው፣ በሰላም?»

«ስኳሩ በዝቷል።»

የቀረችውን አንስቼ ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት። 450 ግራም።

«ወንድሜ፣ 2 ኪሎ ተኩሉ የት ሄደ?»

«ተቀመሰ ነዋ! ሳይቀመስ ስኳሩ መብዛቱ በምን ይታወቃል?»

«ስንት ሰው ቀመሰው?»

«40 እንሆናለን። ሁሉም በአንድ አፍ ስኳሩ በዛ ብለዋል። ካላመንክ ምስክር አመጣለሁ።»

40 ምስክር አለው ማለት ነው። 40ውም ማስረጃውን የበሉ።

ጉዳዩ ወዴት እንደሚያመራ ከመናገሬ በፊት ማን እንደሆንኩ ልናገር። የኬክ ቤቱ ባለቤት ባለቤቴ ናት። እኔ የባለቤቷ ባለቤት ነኝ። እሷ ትጋግራለች፣ ታስጌጣለች፣ አዲስ ዓይነት ትፈጥራለች፤ እኔ ዱቄት እሸከማለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ ቀብድ እቀበላለሁ። ቀድሞ የሒሳብ ሠራተኛ ስለነበርኩ ደብተሩም የእኔ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ቅሬታ ሰሚ ነኝ። የተቆጣ ደንበኛ በበሩ ሲገባ ባለቤቴ እጇን ዱቄት ውስጥ ትነክርና ከጓዳ በኩል ድምፅዋን ብቻ ትልካለች፤ «እሱን አነጋግሩት!» ትላለች። ሲመሰገን ግን እኔን አነጋግሩት አትልም፤ ሽርጧን እየጠራረገች ራሷ ትወጣለች።

ሱቃችን አዲሱ ገበያ ነው። አዲሱ ይባል እንጂ እኔ ሳውቀው ጀምሮ አዲስ ሆኖ አያውቅም። ወደ ጎጃም የሚወጣው መንገድ በደጃችን ያልፋል። የሱሉልታ ወተት በጠዋት በዚያው ይወርዳል፣ ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና እያቃሰተ በዚያው ያልፋል፣ ወያላው «ፒያሳ፣ ፒያሳ!» እያለ በዚያው ይጮኻል። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል፤ ባለ ሦስት ደረጃ የሰርግ ኬክ በሠራን ቀን እኔ በደረቴ ደግፌው ነው የምውለው። ሌሊት ደግሞ የእንጦጦ ብርድ ይወርዳል። ሌላው ሰው ብርዱን ይረግመዋል፤ እኛ ግን መብራት ሲሄድ ፍሪጃችን እሱ ስለሆነ እንመርቀዋለን። በስተቀኝ ፀጉር ቤት፣ በስተግራ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ አሮጊት አሉ። እማማ ነው የምንላቸው። ሽንኩርት ይሸጣሉ እንጂ ዋና ሥራቸው ዳኝነት ነው።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ሱቁን ስንከፍት ከምጣድ በፊት ያሠራሁት ነገር ማስታወቂያ ነው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል፣ በቀይ። ይህቺ ዓረፍተ ነገር በአዲስ አበባ ከጫማ ቤት እስከ ሞባይል ቤት ያልተለጠፈችበት ግድግዳ ስለሌለ ሕግ ናት ብዬ አምን ነበር። አንድ ቀን አንድ ሕግ የሚማር ጎረምሳ ግማሽ ኪሎ ብላክ ፎረስት ሊገዛ ገብቶ ቀና ብሎ አነበባትና ሳቀ። «ጋሼ፣ ይቺን ማን ነው ያወጃት?» አለኝ። ከዚያ ቆሞ አስተማረኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል አለ። ዕቃው ጉድለት ከተገኘበት ሸማቹ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ «ለውጥልኝ ወይም ገንዘቤን መልስልኝ» ማለት ይችላል።

15 ቀን! ለሬዲዮ ይሁን፣ ለብርድ ልብስም ይሁን። የክሬም ኬክ ግን በ15ኛው ቀን ተሸክመውት አይመጡም፤ በራሱ እግር ነው የሚመጣው።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ከአንድ ጠበቃ ወዳጄ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ተውሼ ማንበብ ጀመርኩ። የሕጉ አርቃቂ ረኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ናቸው። ከኬክ አገር መምጣታቸው ያስታውቃል፤ ስለ ቀብድ የጻፉትን የጻፉት ኬክ አዝዘው የቀሩ ሰዎችን እያሰቡ ይመስለኛል። አንቀጽ 1885፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተወው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ቀብድ የተቀበለው ቢተወው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። የመጀመሪያውን ግማሽ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሁለተኛውን ግማሽ በልቤ።

ያን ሰኞ ጠዋት ግን አዋጅም አንቀጽም አልረዳኝም። ሰውየው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እማማ ሽንኩርታቸውን ጥለው ገቡ። ማንም አልጠራቸውም፤ ሽማግሌ ሳይጠራ ከመጣ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው። ሁለታችንንም አዳመጡ። ከዚያ ዳኛ የማያደርገውን አደረጉ፤ ከ450 ግራሟ ላይ በጣታቸው ቆንጥረው ወደ አፋቸው ላኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደግመው ቆነጠሩ።

«ስኳሩስ በዝቷል» አሉ።

ከጓዳ በኩል የብረት ሳህን ሲወድቅ ተሰማ።

«ይሁን እንጂ» አሉ እማማ፣ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፤ «የተበላ ተበልቷል። ከሆድ የሚመለስ ገንዘብ የለም። ለዚች ለቀረችው ትመልስለታለህ፤ ሒሳብ አዋቂ ነህ፣ ምታው።»

መታሁት። በኪሎ 1,200 ብር፣ ለ450 ግራም 540 ብር። እማማ የቆነጠሩትን ከማን ሒሳብ እንደምቀንስ ግራ ገብቶኝ ለዳኝነታቸው ብዬ ተውኩት። 540 ብሩን እዚያው በቴሌብር ላክሁለት፤ ስልኩ ጮኸ፣ አየው፣ ፊቱ ፈካ። ከዚያ ካርቶኑን አንስቶ ብብቱ ሥር አደረገ።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ለልጆቹ ነዋ። አልቅሰውብኛል።»

እማማ ሳቃቸውን በነጠላ ሸፍነው ወጡ። እኔም ተውኩት። የተውኩት ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሰውየው የእድራችን አባል ነው። ስለ 540 ብር ከእድርተኛ ጋር መጣላት የራስን ቀባሪ ማስቀየም ነው። ትልቅ ሱፐር ማርኬት «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብሎ ሊለጥፍ ይችላል። የእኛ ደንበኛ ንጉሥ አይደለም፤ የክርስትና አባት ነው፣ የአክስት ልጅ ጎረቤት ነው፣ እሑድ ቅዳሴ ላይ ከጎንህ የሚቆም ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ገንዘቤን ሲልህ የሚጠይቅህ ገንዘብ ብቻ አይደለም።

የገበያው መድኃኒት ምርቃት ነው። እማማ ሽንኩርት መዝነው ሲያበቁ ገዢዋ «ይመርቁልኝ እንጂ» ትላለች፤ እሳቸውም አንዲት ሽንኩርት ጣል ያደርጋሉ፤ ሁለቱም ያሸነፉ መስሏቸው ይለያያሉ። በእንግሊዝ አገር በ1266 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ክብደት ያጎደለን ዳቦ ጋጋሪ ክፉኛ ይቀጣ ስለነበር፣ ጋጋሪዎቹ ለደርዘን 12 ሳይሆን 13 ዳቦ ይሰጡ ነበር ይባላል። እነሱን ያስመረቀ ቅጣት ነው፤ እማማን የሚያስመርቃቸው ይሉኝታ ነው። እኔም ከእሳቸው ተምሬ ካርቶን ሳስረክብ ሁለት ቦምቦሊኖ ጣል ማድረግ ጀመርኩ። ቅሬታ ቀነሰ። የጨመረው «ቦምቦሊኖውን ረሳችሁት» የሚለው ቅሬታ ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሥራው ይቀየራል። 55 ቀን ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። የባለቤቴ የጾም ኬክ ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ካካዎ፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ ትንሽ ሎሚና ውሃ ነው፤ ምስጢሩ እጇ ላይ ነው። አንድ የጾም ማክሰኞ አንዲት ወይዘሮ አንድ ኪሎ ገዝተው ሄዱና በማግሥቱ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ለንስሐ የመጡ ነው የመሰሉት።

«አንተ፣ ምን አበላኸኝ?»

«የጾም ኬክ ነዋ፣ እትዬ።»

«ዋሸህ! ጣፈጠኝ እኮ!»

እንዲህ ዓይነት አቤቱታ ሰምቼ አላውቅም። የጾም ምግብ ይህን ያህል ሊጥም አይችልም፣ ስለዚህ ቅቤ አለበት፣ ስለዚህ ጾሜን አስገድፋችሁኛል፣ ስለዚህ ገንዘቤን። እዚህ ላይ ነገሩን ልብ በሉልኝ። 1,000 ብሩን ብመልስላቸው «አዎ፣ ቅቤ ነበረበት» ብዬ መፈረሜ ነው፤ ወሬው ከሩፋኤል ደጀ ሰላም እስከ ሰሜን ማዘጋጃ ለመድረስ አንድ ቅዳሴ ይበቃዋል። አልመልስም ብል ደግሞ ያስጾምኩ መስዬ ያስገደፍኩ ልባል ነው። ገንዘብ መመለስ ኃጢአት ሲሆን ያን ቀን አየሁ።

ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወቀሳ ብላ ከጓዳ ወጣች። ምንም አልተናገረችም። ወይዘሮዋን እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸውና በርጩማ ሰጠቻቸው። ዓይናቸው እያየ ዱቄቱን ነፋች፣ ዘይቱን ከነላስቲኩ አሳየቻቸው፣ አሸተቱት፣ ሎሚውን ራሳቸው ጨመቁት። 40 ደቂቃ ቆይቶ ኬኩ ሲወጣ ቆርሰው ቀመሱና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «እና እኔ» አሉ በመጨረሻ፣ «ስንት ዓመት ሙሉ ሽሮ ብቻ በልቼ የኖርኩት ለምንድን ነው?» ከዚያን ዕለት ጀምሮ የጾም ኬካችን ዋስ እሳቸው ናቸው። የጠረጠረ ሰው ሲመጣ ወደ እሳቸው እንልከዋለን።

የፎቶውንና የመንገዱን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው፤ ኬክ በሚሠራ ሁሉ ላይ የሚደርስ ስለሆነ። ሰው በስልኩ የዱባይ ልዑል ሰርግ ላይ የቆመ ባለ ሰባት ደረጃ ኬክ ያሳይህና «እንደዚህ፣ ግን በ1,500» ይልሃል። ስትሰጠው ፎቶውን ከኬኩ አጠገብ ይዞ እንደ ፓስፖርት ያመሳክራል። ሌላው በሚኒባስ ይወስደዋል። ወያላው «የኬኩን ሒሳብ» ብሎ የአንድ ሰው ያስከፍለዋል፤ እንደ ሰው ከፍሎ የተሳፈረ ኬክ ግን እንደ ሰው አይዝም፤ ፍሬን ሲያዝ ከነካርቶኑ ሹፌሩ ጋ ይደርሳል። ከበር ከወጣ የእኛ አይደለም እላለሁ። እላለሁ እንጂ ሰርግ ላይ የሚቀርብ የተደፋ ኬክ ማየት የሚችል አንጀት የለኝም፤ ባለቤቴን ይዤ ክሬም በላስቲክ አንጠልጥዬ ሰርግ ቤት ድረስ ሄጄ የጠገንኩበት ቀን አለ። እግረ መንገዴን ጥሩ ክትፎ በላሁ።

የማልረሳው የጥር 12ቱን ነው። ከቨርጂኒያ አንዲት ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልን። እናቷ 60 ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ኬክ ትፈልጋለች፣ «ለ12 ይድረስ»። ወሩ ጥር ነው፣ እኔም በደብተሬ «ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ» ብዬ ጻፍኩ። ቀብዱን በዘመድ ላከች። ጥር 4 ቀን ማታ፣ ቤት ገብቼ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

«ኬኩ የታለ? እንግዳው ተሰብስቧል!»

«የምን ኬክ? ገና ስምንት ቀን አለን እኮ!»

ዝም ተባባልን። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ገባን። የእሷ 12 የፈረንጅ 12 ነው፤ የፈረንጅ ጃንዋሪ 12 ደግሞ የእኛ ጥር 4። እግሬ ውሃው ውስጥ እንዳለ አንቀጽ 1885 ታወሰኝ፤ ያቺ በልቤ ያነበብኳት ሁለተኛዋ ግማሽ። እጥፉን! ልጅቷ እያለቀሰች ትወቅሰኛለች፤ እኔ ይቅርታ እየጠየቅኩ እጥፉን አሰላለሁ። በመሃል ስልኩ ከእጇ ተነጠቀ መሰለኝ፤ ለካ መስመሩን ከአዲስ አበባ ጋር አገናኝታው ነበርና የእናትየዋ ድምፅ ገባ።

«ማነህ? ባለ ኬኩ ነህ? ተዋት እሷን። እኔ ዛሬ ተወልጄ አላውቅም። እናቴ የወለደችኝ በቃና ሚካኤል ነው፤ ታቦቱ ሲመለስ እልልታው ይሰማ ነበር ብላኛለች። ይቺ ልጅ ለአሜሪካው ፎርም ስትሞላ ጥርን ጃንዋሪ አድርጋው፣ ይኸው በሰው ቀን ሻማ ልታስነፋኝ ነው።»

ማለትም እኔ ተሳስቼ ልክ ነበርኩ። ኬኩ ጥር 12 በሰዓቱ ደረሰ። በሰዓቱ ስል እንኳ «በ6 ሰዓት» ያለችው የማታውን የፈረንጅ 6 መሆኑን ዳግም ጠይቄ ለ12 ሰዓት አድርጌ ነው። አሁን ከውጭ አገር ትዕዛዝ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ስንት ኪሎ?» አይደለም፤ «በማን አቆጣጠር?» ነው።

ሐምሌ የምርቃት ወር ስለሆነ ስሕተቱም በዚያው ይመረቃል። አንድ አባት በስልክ «ለምሕረት፣ እንኳን ደስ አለ» ብለው መስመሩ ተቋረጠ። ዲኮር የሚሠራልን ልጅ ምሕረት የምትባል እኅት አለችው፤ ስለዚህ ሳያቅማማ «ሽ» ጨመረ። ምሕረት ባለ ጢም ወንድ ሆኖ ተገኘ። አባትየው ኬኩን ይዘው ሲመለሱ ለድግሱ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። ልጁ በቢላ ጀርባ «ሽ»ን ላጫት፣ በቦታዋ «ህ»ን አስቀመጠ፣ የላጨበትን ጠባሳ ለመሸፈን ቼሪ ሰካበት። አምሮበት ነበር። አባትየው ግን ዙሪያውን ዞረው አዩትና «የተገጨና የተጠገነ ኬክ ስለሆነ ዋጋው እንደ አዲስ አይሆንም» አሉ። የመኪና ደላላ ኖረዋል። 300 ብር ቀነስኩ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስታነቡ የኬክ ቤት ጠላቱ ገንዘቤን ባይ ደንበኛ ይመስላችሁ ይሆናል። እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። አሁን ግን ካርቶን ታቅፎ እየጮኸ የሚገባ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል ማለት ይቀረኛል። የሚጮኸው ሰው ገና አልፈረደብንም፤ ቢፈርድብንማ ከአዲሱ ገበያ ዳገት ላይ ምን አመጣው? የሚያስፈራው «ደህና ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ በፈገግታ አልፎ ሄዶ በዚያው የሚቀረው ነው። የእኛ ሰው ይሉኝታ ይዞት የበደልከውን በፊትህ አይነግርህም። ለጎረቤትህ ይነግረዋል፤ አንተ ከወር በኋላ ከሽንኩርት ሻጭ ትሰማለህ።

እኔም እንደዚያው ነው የሰማሁት። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርት አሉ። 38 ዓመት ያስተማሩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ የሚወስዱ። ሦስት ቅዳሜ ጠፉ። ታመው ይሆን ብዬ እማማን ጠየቅኳቸው።

«ምን ይታመማሉ! ስማቸውን ገድላችሁባቸው ነው እንጂ።»

ደብተሬን ገለጥኩ። ከአራት ሳምንት በፊት ልጃቸው 70ኛ ዓመታቸውን ልታከብር 2 ኪሎ ኬክ አዝዛለች። ያ ዲኮረኛ ልጅ ከመላኩ በፊት ፎቶ ያነሳል፤ አወጣነው። በሮዝ ክሬም፣ በሚያምር እጅ፣ እንዲህ ይላል፦ «ለእትዬ ጸሃይ፣ ለ70ኛ አመት የልደት በአልዎ እንኳን አደረሰዎ»። ፎቶውን አገላብጬ አየሁት፤ ምንም ስሕተት አልታየኝም። ይህንን ለእማማ ስነግራቸው በኀዘን ተመለከቱኝ፤ ማንበብ የማይችሉት እሳቸው ናቸው።

2,400 ብር ነበር የከፈሉት። ግማሹን፣ 1,200 ብር፣ በፖስታ አድርጌ በላዩ ላይ «ለእትዬ ጸሃይ፣ ከይቅርታ ጋር» ብዬ ጽፌ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ደረሰ። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አላነሱትም፤ መነጽራቸውን አድርገው ከሩቅ አነበቡትና በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት፣ ጠረጴዛ ላይ የወጣ ነፍሳት ይመስል።

«እኔ 38 ዓመት ሳስተምር» አሉ፣ «የተሳሳተ ተማሪ ገንዘብ ሲመልስልኝ አላየሁም። አንተ ልጅ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?»

«52።»

«እንግዲያው ትደርስበታለህ። ያዝ።» ደብተርና እስክርቢቶ ሰጡኝ። «ጻፍ፤ ፀሐይ።»

ጻፍኩ።

«ይህ የትኛው ጸ ነው?»

«…ጸ ነው።»

«ይህ ጸሎቱ ጸ ነው። እኔ በየትኛው ነኝ? በፀሐዩ ፀ! ስሙ ራሱ እየነገረህ? ሐውስ?»

«ሐመሩ ሐ» አልኩ፤ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ከ4ኛ ክፍል መሆን አለበት።

«ጎበዝ። በዓልስ? ዓመትስ?»

እስክርቢቶዬ «በአ» ብሎ ጀመረና ቆመ።

«ዐይኑ!» አሉ ጠረጴዛውን መታ አድርገው፤ ሲኒዎቹ ተንጫጩ። «ዐይኑ ዐ! ደግሞ ለክሬም የሚቀለው እሱ ነው እኮ፤ አንድ ክብ፣ አንድ እግር፣ አለቀ! ያን አልፋውን አ እየጠማዘዛችሁ ክሬም ታባክናላችሁ።»

ይህንን እንኳ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ አላሰብኩትም ነበር።

ሁለተኛው ቡና ላይ ቁጣቸው በረደ። ኬኩ ራሱ ጥሩ እንደነበር ነገሩኝ፤ ጽሑፉን ላለማየት ከጽሑፉ በኩል ጀምረው እንደበሉት ጭምር። ሦስተኛውን ስጠጣ ፖስታዬን አነሱ፣ ፊታቸውን አዙረው የሆነ ነገር ጻፉበትና አጥፈው ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተቱት። ልከፍተው ስል እጄን መቱኝ። «ቤትህ ስትደርስ» አሉ። አንድ ቁራጭ ድፎ ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው ጨመሩልኝ፤ የሚያውድ ድፎ፣ በኮባ የተጋገረ። ለባለቤቴ ሳላሳያት መንገድ ላይ በላሁት።

ሱቅ ስደርስ ባለቤቴ ጓዳ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ተቀበሉህ?»

ፖስታውን አውጥቼ ሰጠኋት። 1,200 ብሩ እንዳለ ነው። በላዩ ላይ «ጸሃይ» የሚለው ሁለት ፊደሉ በቀይ ተከቦ፣ ከሥሩ በተማሪ ቤት ቁም ጽሕፈት ታርሟል። ከእርማቱ በታች ውጤት አለ፤ 3/10። ከውጤቱ በታች ደግሞ አንድ መስመር። ባለቤቴ ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጋ አነበበችው።

«ማክሰኞ ወላጅ ይዘህ ና ይላል።»

«በ52 ዓመቴ ወላጅ ከየት አመጣለሁ?»

ፖስታውን ደግማ አየችው። ከዚያ ሽርጧን ፈታች፣ እጇ ላይ ያለውን ዱቄት አራገፈች።

«ባለቤት ይበቃ እንደሆነ ሄጄ እጠይቃለሁ» አለች።